የማይሰጣ ጨርቅ

ዓረብ አገር ይበርዳል ሲባል አገር ቤት ያለ ሰው ቶሎ አይዋጥለትም። ታኅሣሥንና ጥርን በሳዑዲ ባሕር ዳር፣ በደማም፣ በኮበርና በቱቅባ ያሳለፉ ግን ያውቁታል። ቀን 20 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው ሙቀት ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚነሳው ጉም ጠዋት ጠዋት ሕንፃውን ይጋርደዋል፤ በጋውን ሙሉ ሲያጓራ የከረመው ኤሲ ጸጥ ይላል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ቁጥሩ ለደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ላይባል ይችላል፤ ነገር ግን ውሃ ያዘለ ብርድ ነው። ማታ የታጠበ ፎጣ ጠዋት ሲዳሰስ አሁን ከሳፋ የወጣ ይመስላል። ፎጣው ግን ቢዘገይም ገመድ ላይ ሆኖ ነው የሚዘገየው። ገመድ የማያይ ሌላ ጨርቅ አለ፤ በአልጋው ብረት ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት፣ በሻንጣ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ከቀሚስ ሥር ተሸሽጎ የሚቆይ። የወር አበባ ጨርቅ ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ እንደ ውስጥ ሱሪ ተሰፍቶ የሚሸጠው፣ እየታጠበ የሚለበሰው የወር አበባ ፓንት። ስለዚህ ጨርቅ ትዝታ መጻፍ ለአንዳንዱ ነውር ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የሴቶቻችንን ታሪክ፣ የአገር ቤቱንም የስደቱንም፣ ይህን ጨርቅ ዘሎ መናገር የሚቻል አይመስለኝም። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ያደረገው ከብርዱ ይልቅ መደበቁ ነው።

ነገሩን ከስሙ መጀመር ይቻላል። አደፍ፣ ግዳጅ፣ መርገም ሲባል ኖሯል፤ በቤተ ክህነት ልማደ አንስት ይባላል። የወር አበባ የሚለው ከሁሉም የሚያምረው ስም ነው፤ ሆኖም እሱም ቢሆን በእናትና በልጅ መካከል እንኳ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የኖረ ቃል አይደለም። ከሱቅ የሚገዛው ሞዴስ የአንድ የውጭ አገር ፋብሪካ ምርት መጠሪያ ነበር፤ እኛ ዘንድ የዓይነቱ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ፤ ባለሱቁም በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ያቀብላል። ሞዴስ ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ አቅም ባልፈቀደበት ቤት ሁሉ፣ የነበረው ጨርቅ ነው። ያረጀ ነጠላ፣ ጫፉ የተበላ ቀሚስ፣ ደጋግሞ በመታጠብ የለሰለሰ አቡጀዴ። በትዝታችን ይህን ጨርቅ የድህነትና የጉስቁልና ምልክት አድርገን እናነሳዋለን። ጨርቁ ግን በራሱ ክፉ አልነበረም። ጥጥ ነው፤ ይመጥጣል፣ አይቆረቁርም፣ ታጥቦ ተመልሶ ያገለግላል። ዛሬ በዓለም ገበያ በውድ የሚሸጠው ፓንት መሠረተ ሐሳቡ ያው የእናቶቻችን ጨርቅ ነው። የጎደለው ከታጠበ በኋላ የሚያርፍበት ቦታ ነበር።

ልብስ ማጠብ በአገራችን የአደባባይ ሥራ ነው። ሴቶች ተጠራርተው ወንዝ ይወርዳሉ፣ እንዶድ ወቅጠው አረፋ ያወጣሉ፣ ጋቢውንና ነጠላውን ድንጋይ ላይ እየመቱ አጥበው ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ያሰጣሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያ በእንዶድ ለመከላከል ለተደረገው ረጅም ምርምር መነሻው ይህ ነበር። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። የሴቶች የልብስ አጠባ ለሳይንስ ሊተርፍ የቻለው በሰው ፊት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው አልፎ አየው፣ ጠየቀ፣ መረመረ። ከዚያ ሁሉ ጋቢና ነጠላ መካከል ግን አንዲቱ ጨርቅ አልነበረችም። እሷ የምትታጠበው ሲመሽ ወይም ሳይነጋ፣ በጓሮ፣ በጥቂት ውሃ ነው፤ የምትደርቀውም ከፍራሽ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ ውስጥ። ያላያትም ሰው ስለ እሷ አልጠየቀም። ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንኳ የተላለፈው አደባበቁ ነው፤ ስለ አጠባው ሁለት ቃል፣ ስለ አሰጣጡ ምንም።

ብርድ ብቻውን ልብስ እንዳይደርቅ አያደርግም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ያለ ምክንያት የታወቀ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ግን ረፋድ ላይ የተሰጣ ልብስ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ የሌሊቷ ሙቀት እንዲያ አይወርድም፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታልና ያው ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ከበረንዳ ወደ ሳሎን ሲመላለስ ቆይቶ መሽተት ይጀምራል። የሚወስነው አየሩ ስንት ውሃ መሸከም እንደሚችል፣ ስንቱን አስቀድሞ እንደተሸከመና ይለዋወጥ እንደሆነ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ 9 ግራም ከግማሽ ያህል የውሃ ተን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 17፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም። ስለዚህ የቀዘቀዘ አየር ቶሎ ይጠግባል። የሞቀውም ቢሆን ሁልጊዜ አያደርቅም፤ የቱቅባ ጎረቤት በሆነችው ዳሕራን በ2003 እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን የጤዛ ነጥቡ፣ አየሩ ጠግቦ ጤዛ የሚጥልበት ሙቀት፣ 35 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ እስካሁን ይጠቀሳል። በዚያ ባሕር ዳር በጋም ሆነ ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነው።

እንግዲህ ቱቅባ ውስጥ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ክፍል እናስብ፤ ጣሪያዋ 2 ሜትር ከ70 ይሁን። 24 ሜትር ኩብ ያህል አየር ትይዛለች። በ15 ዲግሪ ያ አየር እስኪጠግብ ቢጠጣ 300 ግራም ውሃ ገደማ ነው። ጉም በዋለበት ቀን ግን 80 በመቶውን አስቀድሞ ጠጥቶታል፤ የቀረው ቦታ 60 ግራም፣ አንድ ስኒ ቡና የሚያህል ነው። የተኛ አንድ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ያህል ተን ይለቃል። በግርድፉ ሲሰላ አራት ሴቶች የሚያድሩባት ክፍል መስኮቷ ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አየሯ ጠግቧል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አልጋ ሥር የተወሸቀው ጨርቅ ውሃውን ለማን ይስጥ? ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይ እርጥብ ነው፤ ሦስት ሌሊትም ቢቆይ እርጥብ ነው። መስኮቷ አንድ ስንዝር ብትከፈት፣ ትንሽ ቬንትሌተርም ወደ ጨርቁ ዞሮ ቢነፍስ፣ ስሌቱ በሙሉ ይለወጣል። ብርዱ ያው ነው፤ የተለወጠው የአየሩ መለዋወጥና መንቀሳቀስ ብቻ ነው።

የወር አበባ ፓንት ደግሞ ከተራው ጨርቅ ይልቅ አየር ይፈልጋል። ሦስት ድርብ ነው፤ ገላ የሚነካው ፈሳሹን ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ፣ መሐሉ የሚመጥጥ፣ ውጩ ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው። ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያደርገው ያ ሽፋን ሲሰጣም ተንን እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ጨርቁ በአብዛኛው በአንድ ጎኑ ነው የሚደርቀው፤ ገልብጦ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ ማስጣት የግድ ነው። አጠባው ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ተቀድቶ ፓንቱ ሲነከር መጀመሪያ ከመሐሉ ቀይ ክር የመሰለ ነገር እየተፈታ ይወጣል፤ በመዳፍ ጫን ለቀቅ ሲደረግ ውሃው ይደፈርሳል፤ ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል፤ ሁለተኛው የሻይ ቀለም፣ ሦስተኛው የጠጅ ቀለም፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ይሆናል። ሳሙና የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በክረምት እጅ ስለሚደነዝዝ ሙቅ ውሃ ያምራል፤ ሙቅ ውሃ ግን ደሙን እንደ እንቁላል አርግቶ ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል። በረኪና፣ እዚያ ክሎሮክስ የሚሉት፣ ላስቲኩንና ሽፋኑን ይበላል፤ የልብስ ማለስለሻ ሽቶም ክሩን ቀብቶ መምጠጥ ይከለክለዋል። ከታጠበ በኋላ አይጠመዘዝም። በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ በክርንና በጉልበት ይጫናል፤ ፎጣው በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ይወስዳል፣ ጠፈፍ ያለው ደግሞ ይሰጣል። የደረቀ መሆኑን ማወቅ በብርድ ጊዜ ያስቸግራል፤ የቀዘቀዘ ጨርቅ ደርቆም እርጥብ ይመስላል፣ ላዩ ደርቆ መሐሉ ያልደረቀም አለ። የሚታመነው የመሐሉ ስፌት ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ ለአፍታ ማቆየት፤ እርጥበት ካለ ጣት ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ የጻፍኩት እናቶቻችን በግማሽ ልክ እንደነበሩ ለማሳየት ነው። እርጥብ ነገር የለበሰች ሴት ብርድ ይመታታል፣ ብርድ ይገባባታል ሲሉ የኖሩት ከንቱ ወሬ አልነበረም፤ የተሳሳቱት በብርዱ ላይ ነው፤ ጉዳቱ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት 558 ሴቶችን ያካተተና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እየታጠበ የሚያገለግል ጨርቅ ከሚጠቀሙት መካከል ጨርቁን ቤት ውስጥ የሚያደርቁት ወይም በመጸዳጃ ክፍል ደብቀው የሚያስቀምጡት ካንዲዳ የሚባለው የፈንገስ ሕመም በብዛት እንደተገኘባቸው አሳይቷል። ጨርቅ ተጠቃሚዎቹ ድሆች ስለሆኑ ነው፣ ውሃም ስለሌላቸው ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ድህነትና ሕመም አብረው መሄዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የተነጻጸሩት ጨርቅ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። ጨርቁ የት ደረቀ፣ የት ተቀመጠ የሚለው ራሱን ችሎ ታየ። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም፤ ሆኖም የጓዳችንን ልማድ እንዲህ በግልጽ የነካ ሌላ ማስረጃ አላየሁም።

ወደ ቱቅባ ልመለስ። ቱቅባ ከኮበር ጋር የተያያዘች የሠራተኛ ሰፈር ናት። ዳሕራን ያለው የደማም 7ኛ ጉድጓድ በ1938 እ.ኤ.አ. ዘይት ካፈለቀ ወዲህ ይህ የባሕር ዳርቻ ከየአገሩ ሠራተኛ ሲስብ ኖሯል፤ ከእነሱ መካከል የእኛ ሴቶች አሉበት። አንዳንዷ በአሠሪዋ፣ ማዳም በምትላት ሴት፣ ቤት ታድራለች፤ አንዳንዷ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ማዳም ቤት የምታድረው የቤቱን ሰው ሁሉ ልብስ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች። የቤቱ ሰገነት፣ ሰጥህ የሚሉት፣ ገመድ አለው፤ ፀሐይም ነፋስም አለው። ያ ገመድ ግን የእሷ አይደለም። የሌላውን ልብስ በሙሉ የምታደርቅ እጅ የራሷን አንድ ፓንት የምታንጠለጥልበት ስንዝር ገመድ የላትም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ተስማሚ ማደሪያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛዋ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በሳምንትም 1 ቀን እንድታርፍ ያዝዝ ነበር። ተስማሚ ማደሪያ ሲባል አልጋና በር ይታሰባል፤ ሴት ያጠበችውን ልብሷን የምታሰጣበት ቦታ እዚያ ውስጥ መቆጠር ነበረበት። ክፍል ተከራይታ የምትኖረዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። በዚያው በ2013 እ.ኤ.አ. ከኅዳር ጀምሮ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ሴት በር መቆለፍን፣ መጋረጃ መሳብን፣ በረንዳ ላይ አለመታየትን ተማረች። የሴት ልብስ ውጭ መሰጣቱ እዚህ ቤት ሴቶች አሉ ብሎ መናገር ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት መስኮቱን ክፈቺው ብሎ መምከር ቀላል አይደለም፤ ለእሷ የምለው መጋረጃውን ሳትገልጥ መስኮቱን ስንዝር ያህል ብቻ ገርበብ አድርጋ ቬንትሌተሩን ወደ ጨርቁ እንድታዞር ነው።

ለምን ሞዴስ አይገዙም የሚለው ጥያቄ ቀድሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በቱቅባ በቃላ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ሁሉ ሞዴስ አለው፤ ከአገር ቤት አንጻርም ከደመወዝ ጋር ሲተያይ ውድ አይደለም። ይህ እውነት ነው፤ ውሃ በሌለበት፣ መታጠቢያ ቤት በሚያሳቅቅበት፣ ማድረቂያ ቦታ ፈጽሞ በማይገኝበት ጊዜ ሞዴስ ይሻላል ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። እርጥብ ፓንት ከመልበስ ሞዴስ መቶ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ወደ በቃላ የሚሄደው ማን ነው? በራሷ የማትወጣ ሠራተኛ ማዳሟን መጠየቅ አለባት፤ ወይ ሾፌሩን፤ በየወሩ፣ በአፏ፣ ባልለመደችው ቋንቋ። የተጠቀመችበትንም የምትጥልበት ቅርጫት የቤቱ ሁሉ ቅርጫት ነው። ጥቂት ፓንት ያላት ሴት ከዚህ ልመና ለዓመት ለሁለት ዓመት ታርፋለች። ለእሷ ነገሩ ከሪያሉም በላይ ማንንም አለመጠየቅ ነው። ማሽን ማድረቂያ አለ አይደል የሚለውም እንዲሁ አይሠራም፤ ኃይለኛው ሙቀት ያንን ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይሰነጣጥቀዋል፣ ማሽኑም የቤቱን ልብስ ነው የሚያሽከረክረው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሐፍረት ነው። መደበቅ ጨዋነት ነው፤ ጨዋ ሴት ይህን ለሰው ዓይን አታሳይም ይባላል። ጨዋነትን አልነካም፤ ለእኔም ክቡር ነገር ነው። ጥያቄዬ ጨዋነት የሚጠብቀው ገላን ነው ወይስ የታጠበ ጨርቅን? የእስልምናን ትውፊት ብናይ፣ የወር አበባ ደም ልብሷን ስለነካባት ሴት ነቢዩ ተጠይቀው የሰጡት መልስ በአቡበከር ልጅ በአስማ በኩል ተላልፏል፤ ይፈቅፈቅ፣ በውሃ ይታሽ፣ ይለቅለቅ፣ ከዚያም ይሰገድበት የሚል መንፈስ ያለው ነው። ልብሱ ታጥቦ ለሶላት ከበቃ ለገመድ እንዴት አይበቃም? በኦርቶዶክስ ቤትም ሴት በወር አበባዋ ወራት ቤተ መቅደስ አለመግባቷ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ስለ ታጠበ ጨርቋ በጨለማ መሻገት ግን ሥርዓቱ የሚለው ነገር የለም። ከፍራሽ ሥር ያስቀመጥነው ልማዳችን ነው፤ ሃይማኖታችን ያላዘዘንን በሃይማኖት ስም ተሸክመን ባሕር ተሻግረናል።

ከአገር ቤት ሌላ ልማድም መሻገር ይችል ነበር። ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ተመልሳ እየታጠበ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ቀረጸች፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት አገኘችበት፤ በ2009 መቐለ ላይ በልጇ ስም ማርያም ሰባ ፋብሪካን ከፈተች፤ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተባለች። ሽልማቱ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ምርቱ ነው፤ በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ማገልገሉ፣ በዋጋ መርከሱ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከምርቱ ጎን ለጎን የሄደው ትምህርት ነው፤ የወር አበባ ምን እንደሆነ በትምህርት ቤት ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለወንዶቹም መነገሩ። ቤት ውስጥ ገመዱ ላይ ምን እንደተሰጣ አይቶ የማይስቅ ወንድም ከሌለ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ጨርቅ ቢሰፋ ተመልሶ ከፍራሽ ሥር ይገባል። ሁለት ዓመት ያገለግላል የተባለውም በእርጥበት ሻግቶ በወራት ይጣላል።

በቱቅባ በጥር ጉሙ ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል። ከሰሜን ምዕራብ ሻማል የሚሉት ነፋስ የተነሳ ቀን ደግሞ አየሩ በአንድ ጊዜ ይደርቃል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ደረቅ ነው፤ አቧራ ካልያዘ ከበጋው ፀሐይ ያላነሰ ያደርቃል። እንዲህ ባለ ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በፊት ተገልብጦ፣ በወገቡ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ፣ በፎጣና በትራስ ልብስ መካከል የተሰጣ ፓንት ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ስፌቱ ድረስ ደርቆ ይገኛል።